ሜዲቴሽን በካምፓስ፦ የቡድሂስት ጉባኤዎችና የአማኝ ተማሪ ጥያቄ

መግቢያ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወንድም ከእንግሊዝ ደወለልኝ። እዚህ ሳለ የካምፓስ ፌሎሺፕ መሪ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው እዚያ ነው። ከሰላምታ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይቆጡኝ» አለ። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አብሮት የሚማር ልጅ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ረቡዕ ማታ ወደሚደረግ የሜዲቴሽን ጉባኤ ወሰደው። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሻቸውን ተከታተሉ፤ አንድ መነኩሴ ትምህርት ሰጠ፤ ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። «ያን ሌሊት ተኛሁ» አለኝ።

ይህንኑ በከተማው ባለው የኢትዮጵያውያን ኅብረት ለአንድ ሽማግሌ ቢያጫውታቸው፣ «ለአጋንንት በር ከፍተሃል» አሉት። ጓደኛው ደግሞ «ሃይማኖት እኮ አይደለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ኅብረቱ መሄድ አቁሟል። «የትኛው ነው እውነቱ?» ሲል ጠየቀኝ።

በስልክ የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተብላላ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተሻለ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም መልሶች ነገሩን ሳይመረምሩ የሚዘጉ ናቸው። «ሜዲቴሽን» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት የካምፓስ ጉባኤዎች አንድ ዐይነት አይደሉም፤ ስለዚህ አንድ መልስ አይበቃቸውም። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ እርሱም «ዝም የምለው በማን ፊት ነው?» የሚለው ነው። ወንድማችን ያለው በእንግሊዝ ስለሆነ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እናጥራ። የመጀመሪያው «ቡድሃ» ነው። በእኛ ጆሮ ይህ ስም «ቡዳ» ከሚለው የራሳችን ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ገና ሲጠራ ብዙ ፍርሃት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ግን በትርጉምም በምንጭም አይገናኙም። «ቡድሃ» በጥንታውያኑ የሕንድ ቋንቋዎች «የነቃ» ማለት ነው፤ ለጎተማ የተሰጠው የማዕረግ ስም ይህ ነው። ቡድሂዝምን የምንነቅፍ ከሆነ በሚያስተምረው እንንቀፈው እንጂ በስሙ ድምፅ አይሁን።

ሁለተኛው «ሜዲቴሽን» ነው። መገናኛ ብዙኃን አንዳንዴ «ተመስጦ»፣ አንዳንዴ «ጽሞና» እያሉ ይተረጉሙታል። እዚህ ላይ ወንጌላዊው አማኝ ግራ ይጋባል፤ «ጽሞና» እርሱ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ የሚያነብበትና የሚጸልይበት ጊዜ ነውና። ቡድሂስቶች በፓሊ ቋንቋ የሚጠቀሙበት ቃል «ባቫና» ሲሆን ፍችው «ማልማት» ነው፤ አእምሮን እንደ ማሳ ማረስና መንከባከብ። ዛሬ «ማይንድፉልነስ» የሚባለው ደግሞ «ሳቲ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የማስታወስ ትርጉምም ስላለው፣ በአማርኛ «ልብ ማለት» ብንለው አንርቅም። ቃላቱ ሲጠሩ ሌላ ልምምድ፣ ሌላ ዐውድ እንዳላቸው ማወቅ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ከገዳም ወደ ካምፓስ

ብዙ ሰው፣ ምዕራባውያን ተማሪዎችም ጭምር፣ ቡድሂስት ሁሉ ቁጭ ብሎ ሜዲቴሽን የሚያደርግ ይመስለዋል። እንደ በርማና ታይላንድ ባሉ የቴራቫዳ አገሮች ግን ሜዲቴሽን ለረጅም ዘመን በዋናነት የመነኮሳት ሥራ ነበር። ተራው ምእመን ለመነኮሳት ምግብ ይሰጣል፣ አምስቱን የሥነ ምግባር ትእዛዛት ለመጠበቅ ይጥራል፣ በዓላትን ያከብራል።

ለውጡ የጎላው በቅኝ አገዛዝ ዘመን ነው። እንግሊዞች በ1885 ማንዳላይን ይዘው የበርማን ንጉሥ ካፈለሱ በኋላ፣ ሃይማኖታችን ጠባቂ አጣ የሚል ስጋት ተፈጠረ። ሌዲ ሳያዶ (1846–1923) የተባለው መነኩሴ ትምህርቱንና ሜዲቴሽኑን ለተራው ሕዝብ ማዳረስ ያዘ። በዚሁ መንገድ ከቀጠሉት መካከል ማሃሲ ሳያዶ (1904–1982) እና የመንግሥት ሒሳብ ሹም የነበረው ኡ ባ ኪን (1899–1971) ይገኛሉ። የኡ ባ ኪን ደቀ መዝሙር ጎዬንካ (1924–2013) በ1969 ወደ ሕንድ ሄዶ «ቪፓሳና» የተባለውን የ10 ቀን ኮርስ ማስተማር ጀመረ፤ ዛሬ ኮርሱ በብዙ አገሮች ይሰጣል።

ወደ ምዕራቡ ዓለም ሁለት ጅረቶች ፈሰሱ። አንዱ ሃይማኖታዊ መልኩን እንደያዘ የሄደው ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቡድሂስት ማኅበር የተመሠረተው በ1955 ነው። በ1977 ታይላንዳዊው መነኩሴ አጃን ቻህ አሜሪካዊ ደቀ መዝሙሩን ሱሜዶን ይዞ ለንደን ገባ፤ ከዚያም በእንግሊዝ ገጠር ገዳማት ተከፈቱ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች እየተጋበዙ ከሚያስተምሩት መነኮሳት መካከል ከእነዚህ ገዳማት የሚመጡ አሉ።

ሁለተኛው ጅረት የሃይማኖት ልብሱን አውልቆ የሄደው ነው። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ዶክተርነቱን የያዘውና ሜዲቴሽንን ከቡድሂስት መምህራን የተማረው ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጭንቀት ማቃለያ ክሊኒክ ከፈተ። ልምምዱን የ8 ሳምንት ኮርስ አደረገው፤ ዕጣኑንና ሥዕሉን፣ የቡድሃንም ስም ተወ። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምክር አገልግሎት ክፍል የሚሰጠው «የማይንድፉልነስ ኮርስ» የዚህ ልጅ ነው።

«በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚለው አባባልም ከዚህ የመጣ ስለሆነ በልኩ እንየው። በ2018 የታተመ የካምብሪጅ ጥናት 616 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ የ8 ሳምንቱን ኮርስ የወሰዱት በፈተና ወቅት የነበረባቸው የአእምሮ ጫና ካልወሰዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል በ2022 ውጤቱ የታተመውና ከ8000 በላይ ታዳጊ ተማሪዎችን ያካተተው የብሪታንያ ጥናት፣ ትምህርቱ በትምህርት ቤት ለሁሉም ሲሰጥ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ውጤት አላሳየም። በተለይ ረጅም ዝምታ ያለባቸው ልምምዶች ለአንዳንድ ሰዎች ጭንቀትን ሊያባብሱ እንደሚችሉም ራሳቸው የሜዲቴሽን መምህራን ያስጠነቅቃሉ። ይጠቅማል የሚለውም ሆነ አይጠቅምም የሚለው አንድ ላይ መታየት አለበት።

ምን ይማራሉ?

በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የሚቀርበው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ለስለስ ያለ ነው፤ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ርኅራኄ። መሠረቱ ግን አራቱ እውነቶች የሚባሉት ናቸው። ሕይወት በማያረካ ሁኔታ የተያዘ ነው፤ የዚህ መንሥኤ ምኞትና መጣበቅ ነው፤ ምኞቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ይጠፋል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። ትክክለኛ «ልብ ማለት» ከስምንቱ አንዱ ነው።

አማኝ ተማሪ ይህን ሲሰማ ብዙው የሚያውቀው ይመስለዋል። ያዕቆብም ጠብና ጦር በውስጣችን ካሉ ምኞቶች እንደሚመጡ ይናገራል (ያዕ. 4፥1)። የመክብብ ጸሓፊ ሁሉ እንደሚያልፍ ያውቃል። መዝሙረኛው እንኳ ከራሱ ስሜት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ነፍሱን ለምን እንደምታዝን ይጠይቃታል (መዝ. 42፥5)። «አንተ አሳብህን አይደለህም፤ አሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል» የሚለው የሜዲቴሽን ምክር እስከዚህ ድረስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚጣላ አይደለም።

መንገዱ የሚለያየው ቀጥሎ ነው። መዝሙረኛው ነፍሱን ከጠየቀ በኋላ በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግ ይነግራታል፤ ጥያቄው ወደ ሌላ አካል ይወስደዋል። የቡድሂስቱ ልምምድ ግን ወደ ውስጥ መመልከቱን ይቀጥላል። አካልን፣ ስሜትን፣ አሳብን አንድ በአንድ ሲመረምር፣ «ይህ የእኔ ነው፣ ይህ እኔ ነኝ» የሚባል ቋሚ ነገር እንደሌለ ማየት ይኖርበታል። ይህ «አናታ» ይባላል፤ ቋሚ «እኔ» የለም የሚለው ትምህርት ማለት ነው። ዓለምን የፈጠረና ሰውን የሚያድን አምላክም በዚህ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። ቡድሃ መንገዱን ያሳያል፤ መሄድ የሄያጁ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ክርስቲያኖች ገላትያ 2፥20ን ይጠቅሳሉ፤ ጳውሎስስ ከእንግዲህ እኔ አልኖርም አላለምን? ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ብናነብ ግን «እኔ» አልጠፋም። በወደደው፣ ስለ እርሱም ራሱን በሰጠው በእግዚአብሔር ልጅ እምነት የሚኖር ሰው አለ። የሞተው ለራሱ የሚኖረው ማንነት ነው፤ የተወደደው ሰው ሕያው ነው። በክርስትና «እኔ» የሚባለው በራሱ የሚቆም አይደለም፤ ግን በስም ተጠርቷል (ኢሳ. 43፥1)። ልዩነቱ ስለ ሥነ ልቦና ዝርዝር ሳይሆን፣ በመጨረሻ የሚወደድ ሰውና የሚወድ አምላክ አሉ ወይስ የሉም የሚል ነው።

ጳውሎስና ሦስቱ ማዕዶች

እንግዲህ ተማሪው ይሂድ ወይስ አይሂድ? ለዚህ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 8–10 የሚሻል መነሻ አላገኘሁም። የቆሮንቶስ አማኞች ጥያቄም እንደ እኛው «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚል ነበር። ጳውሎስ በአንድ ቃል አልመለሰም፤ ሥጋው የሚበላበትን ቦታና ሁኔታ ለየ።

የመጀመሪያው የገበያው ሥጋ ነው (10፥25)። ሥጋው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በጣዖት ቤት አልፎ ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ ግን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል፤ ምድር የጌታ ናትና። በምክር አገልግሎት ክፍል የሚሰጥ፣ ትንፋሽን በመከታተል ጭንቀትን የሚያቃልል ኮርስ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። መነሻው ቡድሂስት ነው፤ ትንፋሽ ግን የቡድሂስት አይደለም። በአዳም አፍንጫ እፍ ያለው እግዚአብሔር ነው (ዘፍ. 2፥7)። እንዲህ ባለው ኮርስ የገባን ተማሪ ጣዖት አመለክህ ማለት ጳውሎስ ያላለውን ማለት ነው። ይሁን እንጂ ኮርሱ ከጭንቀት ማቃለያነት አልፎ የሕይወት ትርጉም ሰጪ ሊሆን ሲጀምር ልብ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው በጓደኛ ቤት የቀረበ ማዕድ ነው (10፥27–28)። ብትጋበዝና ልትሄድ ብትወድድ ሂድ፤ አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ቢልህ ግን ስለዚያ ሰው ተው። ክፍት የሆነውን የቡድሂስት ማኅበር ትምህርት ለመስማትና ለመረዳት መሄድ፣ ሻይ ጠጥቶ መወያየት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የጎረቤቱን እምነት ከራሱ ከጎረቤቱ አፍ የሰማ ሰው በሐሰት አይመሰክርበትም። ነገር ግን ድርጊቱ አምልኮ መሆኑ ሲነገር፣ ወይም መሄዱ ደካማ ወንድምን የሚያሰናክል ሲሆን፣ ነጻነታችን በፍቅር ይገደባል (8፥9–13)።

ሦስተኛው የጣዖቱ ማዕድ ራሱ ነው (10፥20–21)። እዚህ ላይ ጳውሎስ አያወላውልም፤ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል አይቻልም። በካምፓስ ጉባኤ ይህ መስመር የሚታለፈው መቼ ነው? በቡድሃ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ መጠጊያ ማድረግን የሚገልጸውን ቃል ስንደግም፣ በምስሉ ፊት ስንሰግድ፣ በዝማሬው ስንካፈል ነው። መጠጊያ ማድረግ ለመዝሙረኛው ተራ ቃል አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ «ሃይማኖትህን መቀየር አያስፈልግህም» የሚለውን ግብዣ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን (1926–2022) በ1982 በፈረንሳይ ፕለም ቪሌጅን መሠረተ፤ በ2008 ደግሞ ከእርሱ ትምህርት ተነሥቶ «ዌክ አፕ» የተባለ የወጣቶች እንቅስቃሴ ተጀመረ። ስሙ «ንቁ» ማለት ነው። ቲክ ናት ሃን ክርስቲያኖች ሥራቸውን ሳይነቅሉ እንዲለማመዱ ይጋብዝ ነበር። የጎዬንካው ኮርስም ለየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ክፍት ነው ይባላል፤ በገንዘብም አይሸጥም፣ የሚካሄደው በልገሳ ነው። ነገር ግን የኮርሱ ሥርዐት ገቢው በመጀመሪያ በሦስቱ መጠጊያዎች እንዲጠጋ፣ 10ሩን ቀን ሙሉም ማንኛውንም ጸሎትና አምልኮ እንዲተው ይጠይቃል። ምክንያታቸው ቴክኒኩ ሳይደባለቅ እንዲፈተን ነው። ለክርስቲያን ግን ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ዳንኤል ጸሎትን ለ30 ቀን እንዲያቆም ታዘዘ፤ እርሱ ግን መስኮቱን ከፍቶ እንደ ልማዱ ጸለየ (ዳን. 6፥7–10)። ኮርሱ እንደ ዳርዮስ አያስገድድም፤ በፈቃድ የሚገባ ነው። በፈቃድ መሆኑ ግን ውሳኔውን ይበልጥ የእኛ ያደርገዋል።

ንቁ፤ ግን ለማን?

«የነቃ» የሚለው ስም ለእኛም ጥያቄ ያነሣል። አዲስ ኪዳንም ንቁ ይለናልና። ንቃትን የሚመለከተው አንድ የግሪክ ቃል በነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በማርቆስ 13 «ትጉ»፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥6 «እንንቃ» ተብሎ ተተርጉሟል። በማርቆስ 13፥33–37 በር ጠባቂው የሚነቃው ጌታው ስለሚመጣ ነው። ንቃቱ ቀጠሮ አለው፤ የሚጠበቅ ሰው አለ።

ጌቴሴማኒ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ለመናቸው፤ እነርሱ ተኙ (ማር. 14፥32–41)። ጌታ ራሱ በዚያ ሌሊት ከሥቃዩ ፈቀቅ ብሎ አልተመለከተውም። አዘነ፣ ተጨነቀ፣ አባቱን ጠራ። ከቡድሂስቱ ትምህርት ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ እዚህ ነው። በአንዱ መንገድ ሥቃይ የሚያከትመው መጣበቅ ሲያከትም ነው። በወንጌሉ ግን ወልድ ስለ ፍቅር ወደ ሥቃዩ ይገባል፤ እስከ መጨረሻም ይወድዳል። የተጨነቀ ተማሪ «አትጨነቅ» ከሚለው ምክር በላይ በጭንቀቱ ውስጥ የሚተጋለት ጌታ እንዳለው መስማት ይገባዋል።

ለመጋቢዎችና ለኅብረት መሪዎች

ወደ ራሳችን ስንመለስ አንድ የማይመች ነገር እናገኛለን። ያ ወንድም ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠው በቡድሂስቶች ጉባኤ ነው። በእኛ ዘንድ ዝም የሚልበት ጊዜ ለመጨረሻ ያገኘው መቼ ነበር? የአዳር ጸሎታችን፣ ዝማሬያችንና ጩኸታችን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በመከራ ዘመን ያቆመን ነው። ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ሳይጠፋ የሚያልቅ አምልኮ፣ የደከመ አእምሮ የሚያርፍበት ቦታ አይተውለትም።

መዝሙር 1፥2 ብፁዕ የሚለው ሰው ሕጉን ቀንና ሌሊት «ሀጋ» የሚያደርግ ነው። ይህ የዕብራይስጥ ቃል ለአንበሳ ማጉረምረም (ኢሳ. 31፥4)፣ ለርግብም ማልቀስ (ኢሳ. 38፥14) ያገለግላል። አእምሮን ባዶ ማድረግ ሳይሆን ቃሉን በዝግታ፣ በከንፈር፣ ደጋግሞ ማላመጥ ነው። ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ንጋት ላይ ዳዊት ሲደግሙ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየን ብዙዎች ነን። ከእነርሱ ጋር በብዙ አስተምህሮ ብንለያይም፣ ቃሉን ማላመጥን ከእነርሱ መማር አያሳፍረንም።

ስለዚህ ተማሪ ሲጠይቀን አስቀድመን እኛም እንጠይቀው። የሄድህበት ጉባኤ ማን ያዘጋጀው ነው? መጠጊያ የማድረግ ቃል አስደግመውሃል? ምስል ነበረ? ሰገድህ? ጸሎትህን እንድታቆም ተጠይቀሃል? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ምን አሞህ ሄድህ? እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነትና የፈተና ጭንቀት እውነተኛ ሕመሞች ናቸው። አንዳንዱ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ እራት የሚጋብዘው ቤተ ሰብ ይበቃዋል። ይህን ሳንጠይቅ «በር ከፍተሃል» ብንል፣ የምንዘጋው የራሳችንን በር ነው።

መደምደሚያ

ለዚያ ወንድም መልሼ ደወልሁለት። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ እንቅልፉ ነበር። ቀጥሎ ስለ ጉባኤው ጠየቅሁት። በሁለተኛው ጊዜ መነኩሴው ሲዘምር ሌሎቹ በምስሉ ፊት ሲሰግዱ እርሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት አንገቱን ደፍቶ እንደነበር ነገረኝ። «አንገቴን ስደፋ ስግደት ይሁን ኀፍረት ራሴም አላወቅሁም» አለ። የገበያው ሥጋ ወዴት እንዳደረሰው እርሱው ነገረኝ። ወደዚያ ማዕድ እንዳይመለስ፣ የምክር አገልግሎቱን ግን እንዳይፈራ መከርሁት። ስለ ሽማግሌው ደግሞ፣ የተናገሩት ፈርተውለት ስለሆነ እንዲያነጋግራቸው ለመንሁት።

በመጨረሻ፣ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እንዲቀመጥ፣ ትንፋሹ ሲረጋ መዝሙር 131ን በቀስታ ደጋግሞ እንዲያነብ ተስማማን። በእናቱ ዕቅፍ ጸጥ ስላለ ሕፃን የሚናገር አጭር መዝሙር ነው። ሕፃኑ ጸጥ ያለው የሚያቅፈው ስላለ ነው። እኔም እዚህ ሆኜ በዚያው ሰዓት እንደማነብብ ነገርሁት። እስካሁን እያነበብን ነው። ወደ ኅብረቱ ገና አልተመለሰም።